የጠፋኸው ሰው ሆይ

«ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» ይላሉ የቀደሙት። እኔ ይህን ምክር ከልክ በላይ የሰማሁ ሰው ነኝ። ገንፎ ቀርቦልኝ ስንጥር ካጣሁበት፣ ማን ቀድሞኝ እንዳወጣውና ለምን እንዳወጣው እጠይቃለሁ። ስለዚህ የማወጋችሁን ስትሰሙ «ይህ ሰው ምን ነክቶት ነው?» እንዳትሉ። ምንም አልነካኝም። ስፈጠርም እንዲሁ ነኝ።

ሥራዬ አፕ መሥራት ነው። ከሐይቁ ብዙ በማትርቀው ዘንዘልማ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ተቀምጬ በሰው ስልክ ላይ የሚሠራ ነገር እሠራለሁ። ሥራውን ለጎረቤት ማስረዳት ከሥራው ይከብዳል። «ከስልክ ጋር የተያያዘ ነው» ስል መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ያመጡልኛል። «ኮምፒውተር ላይ ነው» ስል ማመልከቻ ጻፍልን ይሉኛል። ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤቴማ አንድ ቀን በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ቀኑን ሙሉ ብቻህን ትስቃለህ፣ ብቻህን ትቆጣለህ። ወንዛዬ ወርደህ ፍል ውኃው ውስጥ ሰባት ቀን ብትዘፈዘፍ እኮ ይለቅህ ነበር» ብሎኛል። ከልቡ ነው ያለኝ። በነጻ ሊወስደኝም ነበር።

የሚገባኝ ሰው ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው ሰይድ ነው፤ የሐይቁ ዳር ልጅ፣ አባቱ ጋሼ እንድሪስ የእንጨት ጀልባ የሚሠሩ፣ ዓሣም የሚያጠምዱ። ሁለተኛዋ ብርቱካን ናት፤ ለሕፃናት ፊደል የሚያስቆጥር ጨዋታ ሠርታ ራሷ ሕፃን ሳትሆን ቀኑን ሙሉ «ሀ፣ ሁ» ስትል የምትውል። ሦስታችንም አለቃ የለንም። አለቃ የለንም ማለት ግን የሚያዝዘን የለም ማለት አይደለም። አፖች የሚታደሉበት ያ ትልቁ የውጭ ሱቅ አለ። ስሙን አልጠራም፤ ይሰማል ብዬ እጠረጥራለሁ። እሱ ጧት እንደ ተነሣበት ጎን ደንብ ይለውጣል፣ እኛ እንሯሯጣለን።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ሐይቁ ዳር ካለች ጭማቂ ቤት ተገናኝተን የሳምንቱን ወሬ እንቀባበላለን። ማን ምን ተከለከለ፣ የማን አፕ ያለ ምክንያት ከሱቁ ወረደ፣ መብራት ለስንት ሰዓት ጠፋ። ሰይድ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለዋል። «የማርፈው ያኔ ብቻ ነው» ይላል። ብርቱካን ደግሞ፣ «ደንብ ተለወጠ ሲሉኝ ሦስት ቀን ለፍቼ አስተካከልሁ። ልክ ስጨርስ የድሮውን መለሱት» ብላ ጭማቂዋን እንደ ጠላት ታማስለዋለች።

በጥር ወር በአንደኛው ቅዳሜ ብርቱካን ከሱቁ የመጣ ደብዳቤ ከስልኳ ላይ አነበበችልን። ከእንግዲህ አዲስ አፕ የሚያወጣ ሰው፣ አስቀድሞ አሥራ ሁለት ሰው ስልክ ላይ ጭኖ አሥራ አራት ቀን ሳይቋረጥ ማስሞከር አለበት። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ከወጣ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

ሰይድ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የሚወጣ አፕ የነበረኝ እኔ ነኛ።

የኔ አፕ ስሙ «ተነሣች ወይ?» ይባላል። ጀልባ ከየትኛው ዳር በስንት ሰዓት እንደምትነሣ ይናገራል። የሠራሁት በጸጸት ነው። አምና ለየካቲቱ የኪዳነ ምሕረት ንግሥ እናቴ ከአንበሳሜ መጥታ ነበር፤ ከሐይቁ ማዶ ወዳለው ገዳም ልትሻገር። ጀልባዋ በሁለት ሰዓት ትነሣለች ብዬ ነገርኋት። በአንድ ሰዓት ተነሥታ ኑሯል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሐይቁ ዳር ቁማ፣ ጀልባዋ ነጥብ እስክታክል ድረስ በዓይኗ ሸኘቻት። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ በተሻለ ነበር። «ለከርሞ ያድርሰን» ብላ ብቻ ወደ መናኸሪያ ተመለሰች። እና ከርሞው ደርሶ ነበር። አፑም ከንግሡ በፊት መውጣት ነበረበት፤ ለእናቴ ቃል ገብቻለሁ።

አሥራ ሁለት ሰው ፍለጋ ወጣሁ።

ከአከራዬ ከእትዬ ዝማም ጀመርሁ። «እትዬ፣ ስልክዎ ላይ አንድ ነገር ልጭንብዎት ነበር» አልኋቸው።

«ምን ልትጭንብኝ? ጭራሽ አህያ አደረግኸኝ?»

አስረዳሁ። ለምኜ ጫንሁ። አፑ ገና ሲከፈት፣ «ያሉበትን ቦታ እንዳውቅ ይፈቅዳሉ?» ብሎ ጠየቀ። ቅርብ ያለውን የጀልባ መነሻ ለማሳየት ነው።

«ማነው የሚጠይቀኝ?» አሉ።

«ስልኩ ነው።»

«ስልኩ እጄ ላይ አይደለም እንዴ? እጄ ላይ ሁኖ የት እንዳለሁ ጠፋው?»

«ይሁን» የሚለውን በጣቴ አሳየኋቸው። ብቻ ፈቀዱልኝ።

ባለ ባጃጁ ጎረቤቴ፣ «ትራፊክ ያየዋል?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠይቆኝ ፈቀደ። አንበሳሜ ያለው የአጎቴ ልጅ በስልክ ተስማማ። ጋሼ እንድሪስ አፑን ገለባብጠው አዩና፣ «ዓሣ የት እንደማጠምድ ለሰው አይናገርም?» አሉኝ። አይናገርም አልኋቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አጠገባቸው የቆሙትን አምስት ጀልባ ነጂዎች በአገጫቸው እያሳዩ፣ «ለነዚህስ?» አሉኝ። አምስቱም ተመሳሳዩን ጥያቄ በየተራ፣ አንዱ ከሌላው ተደብቆ ጠየቁኝ። ስድስቱንም ጫንሁ። ሰይድና ብርቱካን ሲጨመሩ አሥራ አንድ ሆኑ።

አሥራ ሁለተኛው መሪጌታ ጥበቡ ናቸው፤ ቅኔ የሚያስተምሩ፣ አንዲት ፊደል ከቦታዋ ብትዛነፍ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው። ነገሩን በጥሞና ሰምተው፣ «ስንት ሰው ነው የምትፈልግ?» አሉኝ።

«አሥራ ሁለት፣ አባቴ።»

«አሥራ ሁለት ካልህማ አንዱን ተጠንቀቅ» ብለው ሳቁ።

እሳቸው ቀልደው ነው። እኔ ግን ቀልዱን ልቤ ላይ ጻፍሁት።

ቆጠራው ተጀመረ። ሱቁ የሰዎቹን ስም አያሳይም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚያሳይ። ጧት ስነሣ ፊቴን ሳልታጠብ ቁጥሩን አያለሁ። አሥራ ሁለት። ምሳ ስበላ አያለሁ። አሥራ ሁለት። ስምንት ቀን እንዲህ አለፈ። እናቴ ደውላ፣ «ያ የጀልባው ነገር ደረሰልህ?» ስትለኝ፣ «ስድስት ቀን ብቻ ቀረው» አልኋት። እልል አለች፤ ምን እንደሆነ ሳታውቅ።

በዘጠነኛው ቀን ጧት ቁጥሩ አሥራ አንድ ሆነ።

ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት። አሥራ አንድ። አንድ ሰው ከድቶኛል።

ልብ ያለው ሰው ቢሆን የጎደለውን በሌላ ተክቶ፣ ከአንድ ጀምሮ፣ አፉን ዘግቶ ይቆጥር ነበር። እኔ ግን አሥራ ሦስተኛ ሰው ከምፈልግ አሥራ ሁለተኛውን ማግኘት አማረኝ። ማነው? ለምን? ማን ላከው?

የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ በዚያው ቀን ተወለደ። ጭማቂ ቤቷ ስደርስ ሰይድና ብርቱካን ራስ ለራስ ገጥመው ይንሾካሾካሉ። እኔን ሲያዩ ዝም አሉ። ሰይድ አንድ አሮጌ ስልክ ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ኪሱ ከተተ።

«ምንድን ነው?» አልሁ።

«ምንም» አለ ሰይድ።

ምንም! ከአማርኛ ቃላት ሁሉ እንደ «ምንም» የሚያጠራጥር የለም። ሰይድ አባቱ ጀልባ ሠሪ ናቸው፤ የጀልባ አፕ ለመሥራት ከኔ ይልቅ እሱ ይቀርባል። ይህን እስከዚያ ቀን አላሰብሁትም ነበር። ካሰብሁት በኋላ ግን ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

እንዲያም ሁኖ ምርመራዬን ከቅርብ ልጀምር ብዬ ወደ እትዬ ዝማም ገባሁ። «እትዬ፣ ስልክዎን አንዴ ባየው?»

«ለምን?»

«አፑን አጥፍተውት እንደሆነ ብዬ ነው።»

እትዬ ዝማም ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። ቢላውን አስቀመጡት። «እኔ? ከመቼ ወዲህ ነው እኔ የሰው ነገር የማጠፋ? በቃ ሌባ ሆንሁ? ና፣ እይ፣ ይኸው አለ! አየኸው? በል አሁን ንሣ አጥፋልኝ! ከነነገሩ ይውጣልኝ!»

እያየሁ አስጠፉኝ፣ በገዛ ጣቴ። አሥር።

አሁን ደግሞ የደረስሁበትን ጥበብ ስሙ። ቤት ለቤት እየዞርሁ ሰው ከማስቀይም፣ አፑ ራሱ ያናግራቸው አልሁ። ቁጭ ብዬ ሁሉም ስልክ ላይ በትልቁ የሚወጣ ማስታወቂያ ጻፍሁ፦

«የጠፋኸው ሰው ሆይ! ማን እንደሆንህ እናውቃለን። የት እንዳለህም እናውቃለን። በቶሎ ተመለስ።»

«እናውቃለን» ያልሁት፣ «አውቃለሁ» ብል ብቻዬን መሆኔ ይታወቅብኛል ብዬ ነው። ደስ ብሎኝ ላክሁት። ከላክሁት በኋላ ሻይ እያፈላሁ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የጠፋው ሰው አፑን አጥፍቷል። ያጠፋ ሰው ማስታወቂያው አይደርሰውም። የሚደርሰው ያልጠፉት፣ የታመኑት፣ እነዚያ አሥሩ ናቸው።

ሻዩ ገነፈለ።

መጀመሪያ የመጣው ባለ ባጃጁ ጎረቤቴ ነው። ግንባሩን አልቦታል። «ስልኬን ከመሪው አጠገብ ሰክቼ ሁለት ሰው ይዤ እየነዳሁ፣ 'የት እንዳለህ እናውቃለን' ብሎ ወጣብኝ። ሰዎቹ አነበቡት። መንገድ ላይ ወረዱ! 'ለአንተም ጸሎት እናደርጋለን' ብለውኝ ወረዱ!» ዓይኔ እያየ አፑን አጠፋው። የአጎቴ ልጅ ከአንበሳሜ ደወለ። «ሚስቴ አነበበችው። 'የት የት ስትጠፋ ነው የሚፈልጉህ?' እያለች ገበያው መሐል አቁማኛለች። ምን ልበላት?» ስልኩን ዘጋና እሱም አፑን አጠፋው። ጀልባ ነጂዎቹ ደግሞ ሳይደውሉ፣ ሳይጠይቁ ተከታትለው ወጡ፤ እያንዳንዱ ዓሣ የሚያጠምድበት ቦታ ታወቀ ብሎ።

ሳይመሽ ቁጥሩ ሦስት ሆነ።

መሪጌታ አልወጡም። በማግሥቱ አግኝቻቸው፣ «አባቴ፣ ያን ጽሑፍ አላዩትም?» ብላቸው፣ «አየሁት እንጂ» አሉኝ። «ንባቡ 'የጠፋኸው' ይላል። እኔ አልጠፋሁም። ስለዚህ ቃሉ እኔን አይመለከትም። ሰው ቢያነብ ኑሮ ማን ይሸሽ ነበር?» ቀጥለውም፣ «ደግሞ 'ሆይ' ብለህ ስታበቃ ማስፈራራትህ አላማረኝም። 'ሆይ' የልመና ነው» ብለው አረሙኝ።

ሰው በዚህ ይማራል። እኔ አልተማርሁም። ከሦስቱ ሁለቱ ሰይድና ብርቱካን ናቸው፤ መጀመሪያ የወጣው ሰይድ ሁኖ፣ ነገሩን ለመሸፈን ተመልሶ ገብቶ ቢሆንስ አልሁ። እንዲህ ሊሆን እንደማይችል አፑን የሠራሁት እኔ አውቃለሁ። ቢሆንም ጠረጠርሁ።

ቅዳሜ ጧት ጭማቂ ቤት ገባሁ። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ፣ «ሰይድ፣ የኔን አፕ ልትሠራ ነው?» አልሁት።

«ምን?»

«አባትህ ጀልባ ሠሪ ናቸው። ነጂዎቹን ታውቃቸዋለህ። መጀመሪያ የወጣኸው አንተ ነህ። ያን ዕለት ስመጣ ዝም ያላችሁት ለምንድን ነው?»

ሰይድ ጭማቂውን ወደ ጎን ገፋ አደረገ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ከፍቶ ፊት ለፊቴ አስቀመጠው። «ተነሣች ወይ?» እዚያው አለ። ስልኩን ለማንሣት እንኳ አልቸኮለም። «አየህ?» አለኝ። «በደንብ እይ። ደግሞ እንዳትጠረጥር።» ስልኩን ይዞ ወጣ። ጭማቂው ሳይነካ ቀረ።

ብርቱካን ከወንበሯ አልተነሣችም። «አንተ ሰው» አለችኝ፣ «ጋሼ እንድሪስ እኮ ናቸው።»

«ጋሼ እንድሪስ ከዱኝ?»

«ስልካቸው ሐይቅ ገባ! መረብ ሲስቡ ከደረት ኪሳቸው ሾልኮ። ጠልቀው አወጡት። ጤፍ ውስጥ ቀብረው አሳደሩት፤ አልነቃም። 'የልጁን ስምንት ቀን አበላሸሁበት፣ አደራ እንዳትነግሩት፣ አፍራለሁ' ብለው አስማሉን። ያ አሮጌ ስልክ የኔ ነው። እሱን ጠግነን፣ አፑን ጭነንላቸው፣ ሳታውቅ ቁጥርህን ልንሞላልህ ነበር። ሰይድ ሲጠግነው ሁለት ቀን አልሠራም።»

የምገባበት ጠፋኝ። ያን ያህል ዘመን ስንጥር ስፈልግ ኖሬ፣ ገንፎው ውስጥ የገባው ስንጥር እኔው ሁኜ ተገኘሁ።

ቀጥ ብዬ ጀልባ ወደሚሠራበት ዳር ሄድሁ። ጋሼ እንድሪስ ከተገለበጠች ጀልባ ሥር ተንበርክከው ስንጥቋን ይደፍናሉ። ሰይድ ከማዶ በኩል ሳንቃ ይልጋል። አየኝና መላጉን ቀጠለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት መጣሁ» አልሁ። «ሰይድንም።»

ከጀልባዋ ሥር ወጡ። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። «ነገሩህ ማለት ነው። እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቅህ። ስምንት ቀንህን ውኃ በላው።»

«ለምን አልነገሩኝም ጋሼ? ብነግርዎት፣ ማለቴ ቢነግሩኝ፣ እኔ...»

«እውነቱን ንገረኝማ» አሉኝ። «ስልኬ ሐይቅ ገባ ብልህ ታምነኝ ነበር?»

ልዋሽ አፌን ከፈትሁ። ሰይድ መላጉን አቁሞ ያየኛል።

«አላምንዎትም ነበር» አልሁ።

ጋሼ እንድሪስ በሳቅ ፈነዱ። ሳቃቸው ሰይድንም ያዘው፤ ላለመሳቅ ታግሎ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ትከሻው ብቻ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ከዚያ የሳንቃውን ጫፍ ወደ እኔ ገፋ አደረገና፣ «ያዝ እንግዲህ፣ ቁመህ አትቅር» አለኝ። ያዝሁ። እስከ ቀትር ሳንቃ ስይዝ ዋልሁ። በዚያች ቀን አንዲት መስመር ኮድ አልጻፍሁም፤ እንደዚያ ቀን ግን ሠርቼ አላውቅም።

ነጂዎቹን ጋሼ እንድሪስ ሰብስበው መለሱልኝ፤ እሳቸውም በተጠገነው ስልክ ገቡ። እትዬ ዝማምን ጉልበት ስሜ መለስሁ። የአጎቴን ልጅ ሚስት ራሴ ደውዬ አስረዳሁ፤ ባሏን አመነችው፣ እሱም ተመለሰ፤ እኔን ግን እስካሁን አታምነኝም። ባለ ባጃጁም፣ «ዳግመኛ እንዳታናግረኝ፣ በስልክ ማለቴ ነው» ብሎ ገባ። ቆጠራው ከአንድ ተጀመረ። ቁጥሩን በቀን አንዴ ብቻ ለማየት ምዬ፣ አራቴ እያየሁ አሥራ አራቱ ቀን ሞላ። ንግሡ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው አፑን ለሱቁ ላክሁ። መልስ መጣ፦ «እየመረመርነው ነው። እስከ ሰባት ቀን ሊወስድ ይችላል።»

እናቴ ግን ምርመራውን አልጠበቀችም። በዋዜማው ከአንበሳሜ መጣች። «ደረሰልህ?» አለችኝ። «አልደረሰም» አልኋት። ፊቷን ማየት አልቻልሁም።

በንግሡ ጧት ሐይቁ ዳር ስንደርስ ሰው እንደ አሸዋ ፈስሶ፣ ጀልባው ሁሉ ሞልቶ፣ የትኛዋ ወዴት እንደምትሄድ የሚነግር ጠፍቷል። እናቴ እንዳምናው ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች። ጀልባ ለጀልባ ስሮጥ፣ «እናትህ ናቸው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋሼ እንድሪስ አዲሷን ጀልባቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ አስነክተው ይዘዋታል፤ ሰይድ መቅዘፊያውን ጨብጦ ከኋላ ተቀምጧል።

«ይግቡ እናቴ» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። «ቅድስቷ ጋ አደርስዎታለሁ።»

እናቴ እጃቸውን ይዛ ገባች። አጠገባቸው እንደ ተቀመጠች፣ «ልጄን ያውቁታል?» ስትላቸው ሰማሁ።

«ልጅዎን? ኧረ በደንብ!» አሉ ጋሼ እንድሪስ፣ ወደ እኔ ጥቅሻ ወርውረው። ሌላ አንድም ቃል አልጨመሩም። እግዜር ይስጣቸው።

ጀልባዋ ከዳር ስትለይ ያ የማይተወኝ ጠባዬ ተነሣ። መቅዘፊያው ቢሰበርስ? ማዕበል ቢነሣስ? አዲስ ጀልባ አይደለችም? እጄን አፌ ላይ አድርጌ ጮህሁ።

«ጋሼ! በስንት ሰዓት ትመለሳላችሁ?»

ጋሼ እንድሪስ ዞር ብለው፣ እጃቸውን ከፍ አድርገው መለሱልኝ።

«ስንመለስ!»

እናቴ ስትስቅ በውኃው ላይ ተሰማኝ። ሐይቁ ዳር አንድ ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥሁ፣ ስልኬን ኪሴ ከተትሁና ጠበቅሁ።